ያልነበረው ቄስ

መጋቢት 4
ቀኑን ሙሉ ገመድ ስንገምድ ዋልን። ጢሜ ውስጥ የገባው የቃጫ ብናኝ አሁንም ያስነጥሰኛል። ከእራት በፊት አሥራ አንድ ቁራጭ ወረቀት ጻፍኩ፤ ከላይ ቃሉ፣ ከሥሩ ዓመቱ፣ ደራሲው፣ መጽሐፉ፣ ገጹ፣ ቃሉ የተገኘበት ዓረፍተ ነገር። ለኦክስፎርዱ ትልቅ መዝገበ ቃላት እንዲህ ቃል ስለቅም ስምንት ዓመቴ፤ የላክሁት ስድስት ሺህ ሁለት መቶ ደርሷል። በሃያ ዓመቱ ፊደል ለቆጠረ ገመድ ሠሪ መጥፎ አይደለም... የእህቴ ልጅ ቲርዛ አዲስ ባርኔጣ አድርጋ መጣች። «ዶሮዋ እንቁላሏን ጥላ ሄደች ወይስ ገና እየታቀፈች ነው?» አልኳት። በጓንቷ መታችኝ።

መጋቢት 6
ከኦክስፎርድ ደብዳቤ። የአዘጋጁ ረዳት፣ ሚስተር ኦርምሮድ። «ብረንክል» የሚለው ቃል በጣም አስደስቷቸዋል፤ ከእኔ በቀር የላከው የለም። ሊታተም ነው። ቃሉ የሚገኝበትን የቄስ አምብሮዝ ፔትልን የስብከት መጽሐፍ ለጥቂት ቀን ባውሳቸው፣ ገጹን በዓይናቸው አይተው ይመልሱልኛል።
ምኑን ላውሳቸው? ቄስ ፔትል የሚባል ሰው አልተወለደም።
ብረንክል የሟች እህቴ የኬዚያ ቃል ነው። ለእንግዳ ከተጋገረ የፖም ኬክ ሰርቆ በልቶ፣ ጠርዙን በቢላ አስተካክሎ፣ ማንም እንዳልነካው ማስመሰል። «ማነው ብረንክል ያደረገው?» እያለች ቤቱን ታምሰው ነበር። ስትሞት ቃሉም አብሯት ሊቀበር ሆነ። መዝገበ ቃላቱ ደግሞ የተጻፈ ማስረጃ ካላየ አያምንም... ቄስ ፈጠርኩ። 1641፣ ገጽ 88። ደህና አድርጌ አሰበክሁት። ያን ቀን ብቻዬን ስንከተከት ነበር። አሁን ማን ይሳቅ?

መጋቢት 7
ገመዱ ሁለት ጊዜ ተበጠሰብኝ። ምንም አልጻፍኩም።

መጋቢት 9
«መጽሐፉን አይጥ በላው» ብዬ መለስኩ። አይጥ! ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው።
ቲርዛ የኦርምሮድን ደብዳቤ ጠረጴዛ ላይ አግኝታ አንብባዋለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «እማዬ ያንን ቃል ከራሷ ያወጣችው ይመስለኝ ነበር። ለካ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል! አጎቴ፣ ገጹን አሳየኝ።»
አውሼዋለሁ አልኳት። ለማን? ለአንድ ሰው... ይባስ ብላ የቃሉን ነገር ለጸሎት ቤቱ መዘምራን ሁሉ አውርታለች።

መጋቢት 13
እንደገና ኦርምሮድ። የአይጡ ነገር አሳዝኗቸዋል። ሌላ ቅጂ ለመፈለግ ለንደን ትልቁ ቤተ መጻሕፍት ሰው ልከው ነበር። ሁለት ቀን ፈልጎ አጣ። «ርዕሱን አጥርተው ቢጽፉልን» ይላሉ። የዋህ ሰው። ቢጠረጥረኝ ይሻለኝ ነበር።
ዝም ብል ውሸቴ ታትሞ እስከ ዓለም ፍጻሜ ይኖራል። ብናገር ስምንት ዓመቴ እሳት ውስጥ ገባ። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ። የለም።

መጋቢት 14
ለቲርዛ ነገርኳት። ትስቅ እንደሆነ ብዬ በቀልድ ጀመርኩ። አልሳቀችም።
«የእናቴ አፍ ምን ጎደለው? ቄስ ካልመሰከረላት ቃሏ ቃል አይሆንም?»
«ማስረጃ ይላሉ እኮ፣ ልጄ...»
«እኔ አለሁ አይደል? እኔ አልሰማኋትም?»
በሩን ሳትዘጋ ሄደች።

መጋቢት 18
በባቡር ኦክስፎርድ። ኦርምሮድ ቀጭን ሰው ነው፣ ጣቶቹ በቀለም የጠቆሩ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ሳጥን፣ በየሳጥኑ ወረቀት። ቁጭ ይበሉ ሲለኝ ቆሜ ተናዘዝኩ። የብረንክልን ወረቀት ከሳጥኑ አውጥቶ አየ።
«ቃሉን ወድጄው ነበር።»
«ቃሉ እውነት ነው ጌታዬ። ውሸቱ ቄሱ ነው።»
«የቀሩት ስድስት ሺህ ሁለት መቶስ?»
«አንድም ሳይቀር እውነት።»
«በምን አውቃለሁ?»
«እኔ አውቃለሁ።»
«እርስዎማ ያውቃሉ» አለ፣ ሳይቆጣ።
ወረቀቶቼ ሁሉ ከየሳጥኑ ተለቅመው ወጡ። በእንግሊዝኛው ፊደል በ«ቢ» የሚጀምሩት ዘጠኝ መቶው ሰኔ 1 ማተሚያ ቤት ሊገቡ ነበር። ይዣቸው እንድሄድ ፈቀደ፤ እስከዚያ ሌላ ሰው እያንዳንዱን ከመጽሐፉ ጋር አመሳክሮ ከፈረመበት ይቀበላሉ። ያልተፈረመው ይጣላል። የእኔ ፊርማ አይቆጠርም። ብረንክል ተሰረዘ።

መጋቢት 29
መጻሕፍቱ እጄ ላይ የሉም! አብዛኞቹን ተውሼ መልሻለሁ። አንዱ ባለቤት ሞቷል። አንዱ ዳግመኛ አላውስም አለ። ማን ይፈርምልኝ? መድኃኒት ሻጩን ለመንኩት። «ወደባችን ዓሣ ነባሪ ገባ ብለህ ከተማውን ያስሮጥከው አንተ አይደለህ?» እኔ ነኝ። ደንበኞቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ... ሳላስፈርም ወጣሁ።

ሚያዝያ 3
ቲርዛ መጣች። ሰላም አላለችኝም። ዳግመኛ ለምኜ ያመጣኋቸው መጻሕፍት አጠገብ ወንበር ሳበች። «መጽሐፉን ለእኔ ስጠኝ። አንተ ወረቀቱን አንብብ።» አርባ ፈረመች።

ግንቦት 21
ከኦክስፎርድ ደብዳቤ፤ ፖስታው ላይ «ለሚስ ቲርዛ ዌልመር»። ምስጋናው ሁሉ ለእሷ። የእኔ ስም የለም።
ሦስት መቶ አርባ አልቋል። አምስት መቶ ስድሳ በአሥር ቀን አይደርስም፤ ሁለታችንም እናውቃለን። ቢሆንም ተቀመጥን። አነበብኩ፣ በጣቷ ተከተለች፣ ፈረመች። አነበብኩ... ብዕሯን አስቀመጠች።
«ይህን አልፈርምም። አንተ ገጽ 212 ብለሃል። 221 ነው።»
ማን ያየዋል ልል አፌን ከፈትኩ።
ዘጋሁት። አዲስ ወረቀት ሳብኩ።