ወሰን ስለተሻገረው የባሕር ዛፍ ቋሚዬ

ለክቡር አቶ አግማስ
የቀበሌያችን የግንባታ ቁጥጥር ኃላፊ
ደሴ

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔና እናቴ ሳሊሃ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፤ ቤታችን ብቻ ትንሽ ዘንበል ብሏል።

ቤቱ እንዲፈርስ የወሰኑበትን ወረቀት በአክብሮት ተቀብዬ በአክብሮት አንብቤዋለሁ። ዕድሜዋን በሙሉ በኪራይ ቤት ስትንከራተት የኖረችው እናቴ ሌላ መግቢያ ስለሌላት፣ ከመፍረሱ በፊት ምስጋናዬን በየተራ እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

1. ስለ ጥድፊያው አመሰግናለሁ። አጣናውን አስቆርጬ፣ ቅርፊቱን ልጬ፣ በጥላ ስር ደርድሬ እስኪደርቅ ስጠብቅ፣ ቦታው ያለ ሥራ ታጥሮ ስለተቀመጠ በወሩ መጨረሻ ቤት ካልቆመበት እንደሚነጠቅ አስጠነቀቁኝ። እንጨቱ ገና እርጥብ መሆኑን ባስረዳዎ፣ መመሪያው ስለ ቤት እንጂ ስለ እርጥበት እንደማያወራ ነገሩኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት መመሪያው ውስጥ አለመካተቱ የእኔ ጥፋት ነው። ቤቱን በእርጥቡ አቆምኩት።

2. እንጨቱም እንደ እንጨት ደረቀ፤ እየደረቀም ኮሰሰ፣ ተጣመመ፣ ምርጊቱን ሰነጣጠቀው። ለድጋፍ ብዬ በኮምቦልቻ ሙቀት ክው ብሎ የደረቀ ጣውላ አስመጥቼ በቋሚዎቹ መሃል ጥቅጥቅ አድርጌ ብሰድር፣ የደሴን ጉም ጠጥቶ አበጠና የዳሩን ቋሚ ወደ ጎረቤቴ ወደ ወይዘሮ ወለላ ግቢ ገፋው። ወይዘሮ ወለላ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም ልብስ ያሰጡበታል። ቅር ያለው መሥሪያ ቤትዎን ነው፤ ቋሚው ስንዝር ያህል ወሰን በማለፉ በሕገ ወጥ መስፋፋት ተከሰስኩ።

3. ቋሚው ወደ ሕጋዊ ቦታው እንዲመለስ የተጻፈውን ማስጠንቀቂያ፣ ትእዛዝ አክባሪ ነኝና፣ ጠጋ ብዬ አነበብኩለት። አልተመለሰም። ላቃናው መሮና መዶሻ ባነሳ ደግሞ፣ ጉዳዩ እስኪወሰን ማንም ሰው ከዚህ ቤት አንዲት እንጨት እንዳይነካ የሚል ማኅተም ያለበት ትእዛዝ ደጄ ላይ ለጠፉ። ቀጥሎም ቤቱን ስላላቃናሁ እንዲፈርስ ወሰኑ። እንዲህ ያለ ፍርድ ለማግኘት ስንቱ ይመኛል።

ውሳኔውን ለእናቴ ስነግራት አላለቀሰችም፤ እኔን ግን አስለቀሰችኝ። «ወላሂ ልጄ፣ ጎባጣም ቢሆን ቤቴ ነው፤ እኔስ ቀጥ ብዬ ነው እንዴ የምሄደው?» አለችኝ። መመሪያው ስለ ጎበጡ እናቶች የሚለው ነገር ካለ ቢያሳውቁኝ ምስጋናዬ ወሰን አይኖረውም።

ወንበርዎ እንዳይጣመም፣ ጠረጴዛዎ እንዳይሰነጠቅ ጧት ማታ ዱዓ የሚያደርግልዎ፣
ታዛዥዎ ሚስባህ ዘይኑልአቢዲን

ማሳሰቢያ፦ የመሥሪያ ቤትዎ ተቆጣጣሪ አቶ ደምለው አፍራሾቹ ነገ እንደሚመጡ ሊነግሩን መጥተው ሳሉ ዝናብ ቢይዛቸው ቤታችን ገብተው በሩን ዘጉት። ዝናቡ ሲያባራ በሩ አብጦ መቃኑ ላይ ተቀርቅሮ ቀርቷል፤ መስኮቷም ለትከሻቸው አትበቃም። መቃኑን በመጋዝ ብቆርጠው ወዲያው ይወጡ ነበር፤ ነገር ግን እንጨት እንዳልነካ ታዝዣለሁ። ስለ ጤናቸው አያስቡ፤ እናቴ በመስኮቷ ሹሮ አቀብላ አብልታቸዋለች። እሳቸውም በዚያው ያቀበሉኝን አቤቱታ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ቤቱ እንዳይፈርስ ከእናቴ ይልቅ አጥብቀው የሚለምኑዎ አሁን እሳቸው ናቸው።