በፎርሙ ጀርባ የጻፍኩት

ሰኞ

እኔ ኃጢአተኛዋ ብርቄ፣ ዛሬ አባቴን መዋሸቴን በፍርሃትና በመንቀጥቀጥ እናዘዛለሁ። «የዩኒቨርሲቲ ምርጫሽን ሞላሽ?» አሉኝ። «ሕግ ብያለሁ፣ አባየ» አልኩ። ብያለሁ፤ ሁለተኛ ላይ። አንደኛው የወንጀል ጥናት ነው።

አስቀድሜ ልነግራቸው ሞክሬ ነበር። ጎረቤታችን አባ ካሳዬ ጣልቃ ገቡብኝ እንጂ። «ወንጀል ደግሞ ምኑ ይጠናል? ሌባ እንደሆነ ሳይማር ነው የሚሰርቅ!» ሁለቱም ተንከተከቱ። እኔም ሳቅሁ፤ ፈሪ ነኛ።

ማክሰኞ

ፎርሙ ዓርብ ይሰበሰባል። መምህራችን ለምን እንደመረጥን በጀርባው ጻፉ ብሎናል። ወንጀል ጥናት የመረጡት የክፍሌ ልጆች ምክንያት፦ አንዱ ፊልም አይቶ። አንዷ የፖሊስ ኮፍያ ያምርብኛል ብላ። ሌላው ወንድሙ ታስሮ፣ ለምን እንደታሰረ የሚነግረው አጥቶ። እሱ ሲናገር ማንም አልሳቀ።

የእኔ ምክንያት አያ ሞላ ነው። አምና ከአሸተን ማርያም ግርጌ፣ ከሰፈራችን፣ የማር ቀፎ ተሰረቀ። አውጫጭኝ ተቀመጡ፤ ሌባው እስኪታወቅ አገሬው ሁሉ ተሰብስቦ ዋለ። «ወፏ ሞላ ብላለች» ተባለ። ወፍ በስውር የሚጠቁም ሰው ነው፤ ማንነቱ አይጠየቅም። አያ ሞላ «ያን ቀን ሙጃ ገበያ በግ ስሸጥ ነበርኩ» ቢል «ምስክር አምጣ» አሉት። ምስክሩ እኔ ነበርኩ። ከትምህርት ፎርፌ፣ አይሱዙ ላይ ተሳፍሬ ሙጃ ሄጄ በዓይኔ አይቼዋለሁ። እንዳልገረፍ ዝም አልኩ፤ እሱ ሌባ ተባለ።

ከዚያ ወዲህ ለደቦ የሚጠራው የለም። ብቻውን ያርሳል።

የዝንብ ጭራቸውን እያወዛወዙ የፈረዱበት ሽማግሌስ ማን ነበሩ? አባየ።

ረቡዕ

ጻፍኩት። አራት መስመር። «አባቴ ሳያጣሩ ስለፈረዱ፣ እኔም እያወቅሁ ዝም ስላልኩ» ይላል። ላጲሱን ሦስቴ አንስቼ ሦስቴ አስቀመጥኩት።

አባየ ለአባ ካሳዬ «ልጄ ዳኛ ልትሆን ነው» እያሉ ሲኩራሩ ሰማሁ። ፎርሙን ደብተሬ ውስጥ ሸሸግሁት።

ሐሙስ

ፎርሙ ደብተሬ ውስጥ የለም!

አባየ ደጅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል። የፎርሙን ጀርባ እያነበቡ ነው። ዳዊት ሲደግሙ ማንም አይደርስባቸው፤ አራቷን መስመር ግን ይኸው ግማሽ ሰዓት። ከበሩ ኋላ ሆኜ እጽፋለሁ። ልሽሽ? እግራቸው ላይ ልውደቅ?

ተነሡ። ጋቢያቸውን ደረቡ። ወደ ታች ትምህርት ቤቱ ነው፤ ምርጫዬን ሊያስሰርዙ። ወደ ላይ የአያ ሞላ ቤት ነው። ያን ደጅ ዓመት ሙሉ አልረገጡም።

ዱላቸውን አነሡ። ቆሙ።

«ብርቄ! ከበሩ ኋላ መሆንሽን አውቃለሁ፣ ውጪ! የሞላ ውሻ ይናከሳል እንዴ?»