ሲጠናቀቅ ይቅረብ

ማክሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለውድ ልጄ፣ ለነጠላ ሰረዜ፤

«ይቺን ቀይ ያሰመረው ሰው ልቡ የተሰበረ ነው» ስትል አንዲት ሴት በጆሮዬ ሰማኋት፤ ባለፈው ሐሙስ፣ ሥዕልሽ ፊት ቆማ። ቀዩን ያሰመርኩት እኔ መሆኔን አንቺም እኔም እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም። እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ ዝም አይባልምና በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሐኪሙ ደረቴን አዳመጠ፣ ሽቦ ለጣጥፎብኝ ወረቀት አወጣ፣ ወረቀቱን ከግራ ወደ ቀኝ አነበበና «ልብዎ ደህና ነው፤ ለዕድሜዎ እንዲያውም ጎበዝ ነው» አለኝ። ተሰብሯል ያለዎት ማን ነው ሲለኝ አንዲት የማላውቃት ሴት አልኩት። ቪታሚን ጻፈልኝ። ስለዚህ በዚህ በኩል አታስቢ።

በሌላው በኩል ግን ግራ ገብቶኛል። ከተጻጻፍን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ስትደውዪ እናትሽ ስልኩን ይዛ ወጥ ቤት ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ ስትወጣ «ሰላም ብላሃለች» ትለኛለች። ይህ ሰላምታ በሁለት ዓመት ውስጥ በአንድ ፊደል እንኳ ተለውጦ አያውቅም። አራሚ ነኝና ዋናው ጽሑፍ ውስጥ የሌለ ቃል ሲገባ ይሸተኛል፤ ሰላምታውን እናትሽ ከራሷ የምትጨምረው ይመስለኛል። ብትጨምረውም አልቀየማትም።

ነገሩን ከመነሻው ልያዝ። እኛ ቢሮ ረቂቅ ያለ ማብራሪያ አይቀርብም ነበር፤ ስለዚህ የምታውቂውንም ጭምር እጽፋለሁ፣ ታገሺኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ረቂቅ ማጣሪያ ክፍል ሠራሁ። ረቂቅ ደንብ፣ ረቂቅ መመሪያ፣ ረቂቅ ውል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ስለ ሠራተኞች የሻይ ሰዓት የወጣ አሥራ ሁለት ገጽ ረቂቅ። ረቂቅ ማለት ለእኔ ገና ያልበሰለ፣ ቀይ እርሳስ የሚጠብቅ ወረቀት ነው። ደግሞ ሰዉ ቀይ ሲያይ የሚከፋ ይመስልሻል፤ አይደለም። የሚከፋው ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ሲመለስለት ነው። «እንኳን ሊያርመው አላነበበውም» ይላል። ስለዚህ ለሰው ያለኝን አክብሮት በቀይ ስገልጽ ኖሬያለሁ። እናትሽ ገና ሳንጋባ የጻፈችልኝን የመጀመሪያ ደብዳቤ አርሜ መለስኩላት፤ አገባችኝ። ዘዴው ይሠራል ብዬ ባምን አይፈረድብኝም።

አንቺ ያን ጥቅል ላክሽ። ወረቀቱ የጠረጴዛዬን ግማሽ ያህላል። በግራ በኩል ቢጫ፣ ቀጥሎ ያዘነበለች አንዲት ግራጫ መስመር፣ እንደገና ቢጫ፣ መሃል ላይ ምንም ያልነካው ነጭ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ አሁንም ቢጫ። ከጥቅሉ ጋር የመጣችው ብጣሽ ወረቀት መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ናት፦ «አባዬ፣ አዲሱ ረቂቅ ሥዕሌ ነው። ያንተን አስተያየት ከማንም በላይ እፈልገዋለሁ።»

ረቂቅ አልሽ፤ አስተያየት አልሽ። ለማን ነው እንዲህ የምትዪው? ሁለት ቀን ሙሉ ሠራሁበት። ባዶውን ቦታ ከበብኩና መሃሉ ላይ «ይሟላ» ብዬ ጻፍኩ። ከግራጫዋ መስመር ሥር አሰመርኩና «ይቃና» አልኩ። ቢጫው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ «ድግግሞሽ» አልኩ። ከግርጌው «መልካም ጅምር ነው። ሲጠናቀቅ ይቅረብ» ብዬ ፈረምኩ፤ ጠቅልዬም መለስኩልሽ። ፖስታ ቤቱ መስኮት ላይ ሳስረክበው ደረቴን ነፍቼ ነበር። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤ የለም።

እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እያስተካከልሽው ነው ብዬ ነበር የማስበው። እናትሽ «ልጅቷ ተቀይማብሃለች» ስትለኝ «በየትኛው እርማት?» ነው ያልኳት።

ባለፈው ረቡዕ የመነጽሬን ብሎን ላስጠብቅ ወጥቼ ስመለስ አውቶቡስ ውስጥ ማንበብ ጀመርኩና ተሳስቼ ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድኩ። እግሬ መሬት እንደረገጠ ዝናቡ ወረደ። በአካባቢው የተከፈተው በር የአንድ አዳራሽ በር ብቻ ነበር። በሩ ላይ «የዘመናችን ረቂቅ ሠዓሊዎች ዐውደ ርእይ» ይላል። አዘንኩላቸው። ገና ያልጸደቁ ሠዓሊዎች ናቸው ማለት ነው፤ ቢሆንስ በር ላይ መለጠፍ ምን አመጣው አልኩ። ጀማሪን ማበረታታት ደግ ነው ብዬ ገባሁ።

ረጅም ነጭ ክፍል ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ላይ የመብራት ሐዲድ። ጥግ ላይ አንዲት ጠባቂ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ከእሷና ከእኔ በቀር ሰው የለም።

የመጀመሪያውን ሠዓሊ ባለ መጥረጊያው ብዬዋለሁ። ሸራው የበር ቁመት አለው፤ ላዩ ላይ ጥቁር ቀለም በትልቅ መጥረጊያ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ተጎትቷል፣ በቃ። ከጎኑ የተለጠፈው ጽሑፍ ሠዓሊው ለዚህች አንዲት ጉተታ አሥራ አንድ ወር እንደሚዘጋጅ ይናገራል። እኛ ቢሮ የነበረችው ጽዳት ሠራተኛ ይህን በየጠዋቱ ያለ ዝግጅት ትሠራው ነበር። ጽሑፉ ግን ሦስት የፊደል ግድፈት ነበረበት፤ እፎይ አልኩ፣ የማውቀው ነገር አገኘሁ። እርሳሴን ሳወጣ ጠባቂዋ ከተቀመጠችበት «አባባ፣ አይነካም» አለችኝ። ሥዕሉን አልነካሁም፣ ጽሑፉን ነው አልኳት። እሱም አይነካም አለች።

ሁለተኛዋ ባለ ነጭዋ ናት። ነጭ ሸራ ላይ ነጭ ቀለም አርባ ጊዜ ደራርባ ቀብታለች። ከፊት ለፊት ስታዪው ግድግዳውን የረሱት ይመስላል። ግን ስልችት ብሎኝ ወደሚቀጥለው ዞር ስል በጎን አየሁትና ቆምኩ። ከጎን ሲታይ ቀለሙ ሸንተረር አለው፣ እዚህ ከበድ እዚያ ሳሳ ብሏል፤ ሰው ተኝቶበት አሁን የተነሣ አንሶላ ይመስላል። ማን እንደተኛበት፣ ወዴት እንደሄደ ጽሑፉ አይናገርም። ጉንጬን ከግድግዳው አስጠግቼ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም፤ ጠባቂዋ መጥታ ደህና ነዎት ወይ እስክትለኝ ድረስ።

ሦስተኛው ባለ ትኬቱ ነው። ያረጁ የአውቶቡስ ትኬቶችን ዘፍዝፎ፣ ለጥፎ፣ መልሶ ፍቋቸዋል። የቀረው ሐምራዊ ጭጋግና አንዲት የ4 ቁጥር ናት። ቁጥሯ የአውቶቡሱ ትሁን የወንበሩ ለማወቅ ተቸገርኩ። በዚህ ጊዜ ነው ጠባቂዋን የጠየቅኳት።

«ልጄ፣ የተጠናቀቁት መቼ ነው የሚመጡት?»

«የትኞቹ፣ አባባ?»

«የእነዚህ ንጹሕ ቅጂዎች።»

ሹራቧን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። «እነዚህ እኮ አልቀዋል። እዚህ የተሰቀለው ሁሉ ያለቀ ነው።»

«ታዲያ ረቂቅ ይላል።»

«እኔም ስቀጠር ግራ ገብቶኝ ነበር» አለች። «ሲያስረዱን ምን አሉን፣ ዛፉን ትቶ ጥላውን እንደ መሳል ነው አሉን። እኔማ ከተቀጠርኩ አምስት ወር ሆነኝ፤ ጥላውን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።»

ቤት እንደገባሁ ጫማዬን ሳላወልቅ መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ረቂቅ፦ አንደኛ፣ ስስ፣ ቀጭን፣ በእጅ የማይዳሰስ፣ በሐሳብ እንጂ በዓይን የማይያዝ። ሁለተኛ፣ ገና ያልጸደቀ ጽሑፍ። አንደኛውን አላውቀውም አይደለም፤ ስለ መንፈስ ሲነገር አውቀዋለሁ። መንፈስ ተጠቅልሎ በፖስታ ይመጣል ብዬ ግን አላሰብኩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለተኛው ትርጉም ውስጥ ወንበር ስቤ ተቀምጬ ኖርኩ፤ አንቺ የጻፍሽልኝ ከአንደኛው ነበር።

ሐሙስ ዕለት በአንደኛው ትርጉም ላያቸው ተመልሼ ሄድኩ። ባለ መጥረጊያው በአንደኛውም ትርጉም መጥረጊያ ነው። ባለ ትኬቱ ፊት ትንሽ አዘንኩ፤ ለምን እንዳዘንኩ ግን አልገባኝም። የነጭዋን አንሶላ በግራም በቀኝም አየሁት። ከዚያ ረቡዕ ወዳልደረስኩበት ውስጠኛ ክፍል ገባሁ።

መጀመሪያ ያወቅኩት ሥዕሉን አይደለም፤ የእጅ ጽሑፌን ነው። «ይሟላ» ይላል፣ መስታወት ውስጥ ሆኖ፣ መብራት በርቶለት። ሰው የገዛ ጽሕፈቱን ሳያስበው ግድግዳ ላይ ሲያገኘው ምን እንደሚሰማው ልነግርሽ አልችልም። ድምፄን በሌላ ሰው አፍ የሰማሁ መሰለኝ። ከጎኑ ስምሽ አለ፤ ከስምሽ ሥር «ውሃ ቀለምና ቀይ እርሳስ በወረቀት ላይ»፤ የሥዕሉ ስም ደግሞ «ሲጠናቀቅ ይቅረብ»። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ያንቺን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን አይቀርም ደግመው ያነበቡት።

ምን ለውጥ እንዳደረግሽ አጣራሁ። ምንም። መስመሯ እንዳዘነበለች ነች፣ ቢጫው ሦስት ጊዜ ይመጣል። ከእርማቶቼ አንዱም አልገባም። ግን አንዱም አልጠፋም። እርሳስ እኮ ነው፤ ላጲስ ይበቃው ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ላጲስ ሳታነሺ ኖረሽ መስታወት አሠራሽለት። ባዶው ቦታ ደግሞ አሁን ባዶ አይደለም፤ መሃሉ ላይ የእኔ ቃል ተቀምጧል። አሟልቼው ይሁን አበላሽቼው እያሰብኩ ሳለሁ ነው ሴትዮዋ ከባሏ ጋር መጥታ ፊቴ ቆማ ያን ነገር የተናገረችው። ባልየው አልተስማማም። «ምን የልብ ስብራት ነው፣ ቁጣ ነው እንጂ። የሒሳብ አስተማሪዬን ነው ያስታወሰኝ» አለ። ሁለቱም አይደለም፣ አስተያየት ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ አስተያየት ማለትም ምን እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ጠፋብኝና ዘጋሁት።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። የሰቀልሽው ይቅር ብለሽኝ ነው ወይስ ልታሳጪኝ? ሁለቱንም እችለዋለሁ። የምቸገረው ሁለቱን በአንድ ጊዜ መያዝ ሲሆንብኝ ነው፤ አንዱን አጥብቄ ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል፤ ልክ እንደ ነጭዋ ሸራ በጎን ያየሁትን ከፊት አጣዋለሁ። ለእናትሽ ነገርኳት፤ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ። ዝናብ ያዘኝ ካልኳት የካልሲዬን ሁኔታ ሳይቀር የምትጠይቅ ሴት አንድ ጥያቄ አልጠየቀችኝም። «ጥሩ ነው» ብላ የታጠበ ሰሃን ደግማ አጠበች።

መልስሽን እስካገኝ ግን የእኔ ድርሻ የሆነውን ላድርግ። ታትሞ የወጣ ስህተት ሲገኝብን አንዲት ቁራጭ ወረቀት እናወጣ ነበር፤ ማውጣት የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ በሥራ ዘመኔ አራት ጊዜ ብቻ ነው የወጣው። አምስተኛው ይኸውልሽ፦

ማረሚያ። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት በተላከው ላይ «ሲጠናቀቅ ይቅረብ» የሚለው «ደርሶኛል፤ ሙሉ ነው» ተብሎ ይነበብ። ስለተፈጠረው ስህተት አባት ይቅርታ ይጠይቃል።

ዐውደ ርእዩ እስከ እሑድ ይቆያል። ድንገት ወደዚህ ብቅ የምትዪ ቢሆን አስጎብኚሽ እሆን ነበር፤ የነጭዋን ሸራ የት ቆመው እንደሚያዩት አሳይሽ ነበር።

እጅሽ አይዛል፤ ዓይንሽ አይድከም። የምትሠሪውን የሚያይልሽ፣ ሲያይም ዝም ማለት የሚያውቅ ሰው አይጥፋብሽ። ብርድ ከሚገባበት መስኮት ራቂ። ባዶ የተውሽውን ማንም አይሙላብሽ።

አባትሽ
አራሚው

እኛ ቢሮ ከፊርማ በታች የተጻፈ ነገር አይጸናም ነበር፤ ስለዚህ እዚህ ልጻፈው። ትናንት እንደገና ሄጄ ይህን ሥዕል ማን ሰቀለው ብዬ ጠባቂዋን ጠየቅኳት። ሠዓሊዋ ራሷ መጥታ ነው አለችኝ፤ ምስማሩንም ራሷ ነው የመታችው፤ ዘጠኝ ቀን ቆይታ ነው የሄደችው። ብቻዋን ነበረች ወይ አልኳት። የለም፣ በየቀኑ ምሳ ይዘውላት የሚመጡ አንዲት እናት ነበሩ፣ ሁለቱ እዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይበሉ ነበር፣ ክዳኑ አረንጓዴ ከሆነ ምሳ ዕቃ አለችኝ።

የእኛ ምሳ ዕቃ ክዳኑ አረንጓዴ ነው።