ጉድጓዱ እኛ ዘንድ፣ ፓምፑ እርስዎ ግቢ

ለክቡር የአውራጃው የሕዝብ አሰፋፈር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ከበረሃ የሚነፍሰው የሐርማታን ነፋስ አቧራ ዓይንዎንም ጉሮሮዎንም ሳይነካ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም በሙሉ ጤና ላይ ሳላችሁ እንዲደርስዎ ከልቤ እመኛለሁ። እኔ በአታኮራ ተራራ ግርጌ የምኖር ባልቴት ነኝ። ማንበብ የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን በገበያው ዛፍ ላይ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎችን እያየሁ ነው። ከእነዚህም የሚበዙት የጽሕፈት ቤትዎ ስለሆኑ መምህሬ እርስዎ ነዎት ማለት ይቻላል። ለመምህር ደግሞ ምስጋና በአደባባይ ይገባል።

አንደኛ፣ ተራርቆ መኖር መጥፎ ልማድ መሆኑን ስላስታወቁን እናመሰግናለን። እስከዛሬ ይህን የነገረን አልነበረም። በእኛ ዘንድ ልጅ ጎጆ ሊወጣ ሲል ከአባቱ ቤት ሰገነት ላይ ቆሞ ፍላጻ ይወረውራል፤ ፍላጻው ባረፈበት ስፍራ ቤቱን ይሠራል። ለእርሻው የሚበቃ መሬት የሚያገኘው፣ የሚስቱም ቁጣ ከእናቱ ጆሮ የሚርቀው በዚህ ዓይነት ነው። የላኩልን ወጣት መሐንዲስ ቤቶቹ በምን መለኪያ እንደተራራቁ በጠየቀ ጊዜ፣ የባሌ ታላቅ ወንድም ንቻ «በልጁ ክንድ ነዋ፣ ልጄ» አሉት።

«ክንድ ስንት ሜትር ነው፣ አባቴ?»

«እሱማ እንደ ልጁ ነው። እስቲ ያንተን እንየው።»

መሐንዲሱ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ «መለኪያ የላቸውም» ብሎ ጻፈ። ስለ ጥንቃቄው እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ ስለ ፓምፑ። ካቻምና እርዳታ ሰጪዎች መጥተው በቤቶቻችን መካከል ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ውሃም ተገኘ፤ አፉንም በብረት ክዳን ከድነው ሄዱ። ፓምፑ ለእርስዎ ተላከ፤ እርስዎም እንዳይበላሽ አስበው በግቢዎ ውስጥ በሸራ ሸፍነው አስቀመጡልን። በማስታወቂያዎ እንዳነበብኩት ፓምፕ የሚተከለው ለመንደር ብቻ ሲሆን፣ መንደር የሚባለውም በመንገድ ዳር በአንድ መስመር የቆመ ቤት ነው። እንግዲህ ውሃውን ካለበት ትተን ወደሌለበት ብንሄድ ውሃ እናገኛለን ማለት ነው። ይህን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ የማንበብ ችሎታዬ አነስተኛ ስለሆነ ይሆናል፣ እስካሁን አልገባኝም።

እስኪገባኝ ድረስ ውሃ የምንቀዳው ከሩቁ ጅረት ነው። ምራቴ ያንታ የመጀመሪያ ልጇን ከሆዷ ያጣችው በዚያ መንገድ ላይ፣ እንስራ በራሷ ተሸክማ ሳለ ነው። ያን ቀን የላክኋት እኔ ነኝ። ይህን በጽሕፈት ቤትዎ ላይ አላላክክም፤ የእኔን ድርሻ ይዤዋለሁ። የእርስዎን ድርሻ ግን ደርቤ መያዝ ከበደኝ።

ሦስተኛ፣ ታዛዦች አይደላችሁም መባላችን ቅር ስላሰኘን የሆነውን ላስረዳ። ንቻ ለውሃው ሲሉ እሺ ብለው፣ መሐንዲሱ ቀይ ካስማ በተከለበት በመንገዱ ዳር ደክመው ቤት ሠሩ። ከዚያም የበኩር ልጃቸው ሚስት ሊያገባ ስለነበር እንደ ወጉ ከአዲሱ ሰገነት ላይ ፍላጻ ወረወረ፤ ፍላጻውም ወደ ተራራው በኩል አረፈ። ታናሹም ወረወረ፤ እሱም ከዚያው አለፈ። ሁለቱም ባረፈበት ሠሩ። ይህን ያደረጉት ትእዛዝ ለመጣስ አልነበረም፤ ቤት በሌላ መንገድ እንደሚጀመር ማንም አስቦት ስለማያውቅ እንጂ። መሐንዲሱ መጥቶ «መስመሩስ የታለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ንቻ «መስመሩ እኔው ነኝ። ጉልበታም ልጅ መውለዴ ነው ጥፋቱ» አሉት። የሦስተኛው ልጅ ፍላጻ ከጽሕፈት ቤትዎ አጥር ውስጥ፣ ከመኪናዎ አጠገብ ወድቋል። ልጁ ገና ሚስት ስላላገኘ አያስቸኩልም፤ ሆኖም ለመኪናዎ ከወዲሁ ሌላ ስፍራ ቢያስቡለት በትሕትና እናሳስባለን።

አራተኛ፣ ፓምፑን ይስጡን።

ከመንገዱ ብርቅም ከአክብሮት ያልራቅሁ፣ ለጤናዎ፣ ለሹመትዎና ለማስታወቂያዎችዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

ንፖ፣ የሟቹ የኩዋጉ ባለቤት

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ሰው ስፈልግ ሳለሁ ሴቶቹ መጠበቅ ሰለቻቸው። በገበያ ቀን ሄደን ፓምፑን ከነቧንቧው ከግቢዎ ተሸክመን ወጣን። ዘበኛዎን እባክዎ አይቆጡት፤ ሁላችንም ተከታትለን በአንድ መስመር ስንሄድ ቢያይ ትእዛዙ የእርስዎ መስሎት በሩን ከፈተልን። ፓምፑ በጉድጓዱ ላይ ተተክሎ ያንታ እጀታውን ስትጫን ውሃው ወጣ፤ የመጀመሪያውን እንስራ እኔ ተሸከምኩ። ፖሊስ ለመላክ ካሰቡ ግን ዘንድሮ ያሳተሙትን የሕዝብ ስርጭት ካርታ አስቀድመው ቢመለከቱ መልካም ነው። የአገራችን የባሕር ጠረፍ ሰው መኖሩን በሚያመለክቱ ነጥቦች ብዛት ጠቁሯል። የእኛ ስፍራ አንድም ነጥብ ሳያርፍበት ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ከሥሩም «ሰው የማይኖርበት» የሚል ጽሑፍ ሰፍሯል፤ ማኅተምዎም አለበት። ፖሊሱ እንግዲህ ማንን ይዞ ይመለሳል?