ለተማሪህ የገዛሁት ኮምፕረሰር

ለውድ ታናሽ ወንድሜ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ? ወገብህ፣ እንቅልፍህ፣ ያ የማይለቅህ የጧት ሳልስ እንዴት ነው? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያጉረመርምብኝ በቀር ደኅና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ፒያኖዬም ደኅና ነው። አንድ ቁልፉ ሲጫኑት ወደ ላይ መመለስ ትቷል፤ እንደ እኔ ሽማግሌ ሆኗልና አልቆጣውም።

ሰላምታው በዚህ ይብቃና ወደ ወቀሳዬ ልግባ። እኔ በብዕር ጽፌ፣ አሽጌ፣ ፖስታ ቤት ድረስ ሄጄ ለላክሁልህ ደብዳቤ አንተ በስልክ በተቀረጸ ድምፅ መለስህልኝ። ምነው? የአባታችን ልጅ ብዕር መያዝ አቃተው? ያውም አፍህን ሞልተህ ነው የምታወራው። «እትዬ» የምትለዋን እንኳ አጥርተህ አላወጣሃትም፤ ቃሉን ግማሹን ትውጠዋለህ። እያላመጡ መናገር በአባታችን ማዕድ ምን ያስከትል እንደ ነበር ረሳኸው? በእውነቱ ቀፈፈኝ። ደጋግሜ ሰምቼ ነው ነገሩ የገባኝ።

የገባኝም ይኸው ነው። አንድ ተማሪ አለህ። ቤዝ ጊታር ይመታል፤ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ቤዝ በመታህበት በዚያው በማዘጋጃ ቤቱ ባንድ ውስጥ። አንድ ባንድ ሁለት ቤዝ ምን እንደሚሠራለት አላውቅም፤ አልጠይቅምም። አዲሱ የባንድ መሪ በወሩ መጨረሻ እያንዳንዱን ለየብቻ አስቀምጦ ሊሰማ፣ ያልጣመውን «በክብር ሊሸኝ» ነው። የተማሪህ ቀኝ እጅ ደግሞ ሰሞኑን ሰንፏል። ስለዚህ ኮምፕረሰር የሚሉትን የድምፅ ማስተካከያ ፔዳል፣ ረከስ ያለውን፣ በእኔ ጆሮ አስመርጠህ ልታስልከኝ ፈለግህ። «ካስወጡት ሌላ ምንም የለውም እትዬ፤ ቤት ቁጭ ብሎ ግድግዳ ማየት ነው» አልኸኝ። ይህችን ግን አልዋጥሃትም፤ ጥርት ብላ ተሰምታኛለች።

የላክህልኝንም የተማሪህን የቤዝ አመታት ቅጂ ሰማሁት። ጧት፣ መስኮቱን ዘግቼ፣ መነጽሬን አውልቄ ነው የሰማሁት፤ አባታችን ስትሰሙ አትዩ ይለን አልነበር? አንዷ ጣቱ ክሩን ታገኘዋለች፤ ሁለተኛይቱ ትዳስሰውና ታልፋለች። ዱም፣ ድ። ዱም፣ ድ። ዜማው ያነክሳል። ሌላም አስቀያሚ ነገር አለበት። የመጨረሻይቱን ድምፅ ቀጥ ብሎ አይመታትም፤ ከታች ተንሸራቶ ይገባባታል፣ ዘግይቶ እንደ መጣና ማንም ያላየው እንደሚመስለው እንግዳ። ይህ ጸያፍ ልማድ ያለበት በዓለም ላይ የማውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባታችን በማስመሪያ ሊያስተወው ሲታገል አቅቶት ሞተ። መምህሩ አንተ ነህና ከአንተ ለቅሞት ይሆናል።

አደራ ነውና ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ኮምፕረሰር የት ይሸጣል ብዬ የጠየቅሁት ሁሉ ሳያመነታ አንድ መንገድ አመለከተኝ። ብሄድ የፍሪጅ ጠጋኞች ሰፈር ነው። ቅባት በጠጣ ጨርቅ እጁን የሚጠርግ አንድ ሰውዬ «እማማ፣ ባለ ስንት በር ነው?» አለኝ። በር የለውም፣ ቤዝ ጊታር ነው አልሁት። ወደ ጓደኛው ዞሮ «ና ስማ፤ የእማማ ጊታር ማቀዝቀዝ አቁሟል!» ብሎ ጮኸ። ተሳሳቁብኝ። አጠገባቸው የተከፈተ ፍሪጅ የከረመ ሥጋ ይሸታል፤ እነሱ ግን በዚያ ሽታ መሐል ዳቦ ይገምጣሉ። መሐረቤን አፍንጫዬ ላይ ይዤ፣ ፔዳል ነው፣ በእግር የሚረገጥ ነው ስለው «እንግዲያማ ብስክሌት ሠሪ ጋ ይሂዱ» ብሎ ወደ ማዶ ላከኝ። ብስክሌት ሠሪው ግን፣ ይባረክና፣ ሳይስቅ ትክክለኛውን ሱቅ ነገረኝ።

ሱቁ ምድር ቤት ነው። ምንጣፉ ማስቲካ ስለ ጠጣ ጫማዬን እየያዘ ይለቀኛል። የካልሲ ሽታ አለ። ሦስት ጎረምሶች ሦስት ጊታር ታቅፈው ያንኑ አንድ ዜማ እየተቀዳደሙ ይገድሉታል። ሻጩ የትንሿን ጣት ጥፍር አሳድጎ ጆሮውን ይጎረጉርበታል፤ ከጎረጎረም በኋላ ያወጣውን ያየዋል። በዚያችው ጥፍር ነው ዕቃውን የሚጠቁመኝ።

ምን እንደሚሠራ አስረዳኝ አልሁት። አንተ ታውቀዋለህ፤ ግን የሱን አነጋገር ስማ። «ይሄ ማለት ማዘር፣ ጮክ ያለውን ይጫነዋል፣ ያነሰውን ይጎትተዋል። ጎበዙም ሰነፉም እኩል!» አለኝ፤ ደስ ብሎት። ታዲያ ጎበዙ ለምን ደከመ? አልሁት። «እሱን ጎበዙን ይጠይቁት» አለኝ።

ወንድሜ፣ አንገሸገሸኝ። እኛ እኮ በእጃችን ጀርባ ላይ የክብሪት ሣጥን ተቀምጦ ነው የተማርነው። ሣጥኑ ከወደቀ ማስመሪያው አብሮ ይወርዳል። ጣት ራሱን መመዘን አለበት፤ ከውጭ የሚመጣ ሚዛን የለም ተብለን ነው ያደግነው። አሁን ያንን ሁሉ ዓመት፣ ያንን ሁሉ እንባ፣ በእግር የሚረገጥ ቆርቆሮ ሊተካው? ለእኔ ይህ የውሸት ጥርስ ነው። የራሴም ጥርስ የውሸት መሆኑን ታውቃለህ፤ ስለዚህ የምለውን አውቄ ነው የምለው። ጥዬ ልወጣ ዞር ብዬ ነበር። ያቺ የግድግዳ ነገር መለሰችኝ።

ሻጩ ሊያሰማኝ ቤዙን ራሱ መታው። ይህ ምን ይጠቅመኛል? የሱ እጅ ደኅና ነው፤ ፔዳሉ የሚያነሣው የወደቀ ነገር አላገኘም። ስጠው ወደዚህ ብዬ ከነኮቴ በርጩማው ላይ ተቀመጥሁና ያንን ግንድ የሚያህል ነገር ጭኔ ላይ አጋደምሁት። ቤዝ መምታት አልችልም፤ ማንከስ ግን እችላለሁ። አንዱን ጠበቅ፣ አንዱን ላላ። ዱም፣ ድ። ዱም፣ ድ። ልክ እንደ ተማሪህ። ከጎረምሶቹ አንዱ «ማዘር ባንድ ሊያቋቁሙ ነው!» አለ። ላቋቁም ነው፣ አንተን ግን አልወስድህም፣ መቁጠር አትችልም አልሁት። ጓደኞቹ ጉንጫቸው እስኪያማቸው ሳቁበት፤ ከዚያ ወዲያ እኔን ተዉኝ።

የመጀመሪያይቱ አዲስ ናት፣ እንደ ከረሜላ የምታብለጨልጭ። ጣቶቹን አስተካከለች፤ ግን ወፍራሙን ክር ስነካ የድምፁን ሆድ ቆርጣ ጣለችው። ቤዝ መሆኑ ቀርቶ ጣሳ ውስጥ የሚንኳኳ ባቄላ ሆነ። ለጊታር እንጂ ለቤዝ የተሠራች አይደለችም። ሁለተኛይቱ ሆዱን ተወችልኝ፤ ነገር ግን ደካማይቱን ድምፅ ስትጎትት የሱቁን ኮሽታ ሁሉ አብራ ጎተተች። እጄን ባሳረፍሁ ቁጥር ትኩስ ዘይት እንደ ነካው ውሃ ሽሽሽ ትላለች። ሻጩ «ባትሪው ደክሞ ይሆናላ» ብሎ ባትሪውን አወጣና፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፣ በምላሱ ላሰው። ላሰውና «አለው፣ አለው» እያለ ከነምራቁ እጄ ላይ ሊያስቀምጠው! እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። ምራቁን በሱሪው ጠርጎ ለሌላ ፔዳል አዘጋጀው።

ሦስተኛይቱን ከመሳቢያ ነው ያወጣት። ሌላ ሰው የተገለገለባት ናት። ስሟ ተልጧል፣ ማዞሪያዎቿ ይጣበቃሉ፤ በምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። ባትሪውን ሊከት ሆዷን ሲከፍት አንዲት በረሮ በጀርባዋ ተንጋላ ሞታለች። ከነበርጩማዬ ወደ ኋላ ሸሸሁ። እሱ እቴ፣ እፍ ብሎ ወደ እኔ በኩል አበረራት።

ከዚያ መታሁ። ዱም፣ ድ።

ይህችኛይቱ አራተኛ ማዞሪያ አለቻት፤ ያልተነካውን ድምፅ ከተጨመቀው ጋር የምታደባልቅ። እሷን ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ሳደርጋት ጠንካራይቱ ጣት ጉልበቷን እንደ ያዘች ቀረች። ደካማይቱን ግን፣ ከወንበር መነሣት ያቃተውን ሰው በብብቱ ገብተው እንደሚያነሡት፣ ቀስ ብላ አነሣቻት። አልጎተተቻትም። ሽሽሽ ማለትም የለም። ደጋግሜ መታሁ። ሻጩ ጆሮውን መጎርጎር አቆመ። እኔም ለመናደድ የሚሆን ነገር ፈልጌ አጣሁ፤ ይህም ራሱ አናደደኝ። ለበረሮዋ የቤት ኪራይ ቀንስልኝ አልሁት፤ ቀነሰልኝ።

ቤቴ አምጥቼ በአልኮልና በጥጥ ጠረግኋት። ጥጡ ምን መስሎ እንደ ወጣ አልነግርህም። ማዞሪያዎቹ የት የት መቆም እንዳለባቸው ከጎረቤቴ የጥፍር ቀለም ተውሼ ነጥብ አድርጌባቸዋለሁ። ቀለሙ የሚያስጠላ ቀይ ነው፤ ግን ከሩቅ ይታያል። ለተማሪህ ንገረው፣ ከነጥቡ አያሳልፍ። እስከ መጨረሻ ካዞረው ድምፁ ፍጹም እኩል ይሆናል፤ ነገር ግን የማን ጣት እንደ መታው አይታወቅም። ጥቂት ማንከሱ ይሰማ። ያንን ሰምቶ የሚያሰናብተው መሪ ከሆነ ጆሮው ላይ በረሮ ተኝታበታለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፔዳሏ ያቺን የመጨረሻ መንሸራተት አጉልታ ታወጣታለች፤ ከሱቁ ከመውጣቴ በፊት ሻጩ ስልኬን ሰክቶልኝ የተላከልኝን ድምፅ አሳልፌባት ሰምቻለሁ። ድሮም ታስጠላኛለች፣ አሁንም ታስጠላኛለች። ግን ተዋት በለው። እሷን ካስተካከላት ከሩቅ የማውቀው ነገር አይቀረኝም።

አሁን ለምጠይቅህ መልስ። ተማሪህን ሐኪም አይቶታል? ቀኝ እጁ ብቻ ነው ወይስ እግሩም? ጧት የሸሚዙን ቁልፍ ማን ይቆልፍለታል? ሲናገርስ አፉ ውስጥ ምግብ የያዘ ይመስላል? በስልክ አትመልስልኝ። ፔዳሏን በፖስታ አልልካትም፤ ዕቃ ሲወረውሩ አይቻቸዋለሁ። ራሴ ይዣት እመጣለሁ፤ ገመዱን የሚሰካለትም ሰው ያስፈልጋል። መሪው ሲሰማው ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ቢያሰናብተው ደግሞ ግድግዳ ማየት ካማረው የእኔ ግድግዳ ሰፊ ነው፤ ፒያኖ ተደግፎበታል፤ ፒያኖውም ከሥሩ ቤዝ ካጣ ዘመን ሆኖታል።

ፈጣሪ ለተማሪህ ጣት ይስጠው፤ ጣት ቢነፍገው ትዕግሥት ይስጠው። ለአንተም ለታላቅህ እውነት የምትናገርበትን አንደበት ይመልስልህ። እስክመጣ ባለ ቁልፉን ሸሚዝ ትተህ በአንገት የሚጠለቀውን ልበስ።

ታላቅ እኅትህ፤
የተማሪህም።