በሃሌታው «ህ» የተፈረመ ገጽ

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 2013

ይድረስ ለማከብርዎ የኔታ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? የቡሬው ብርድስ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደኅና ነን፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ይከፈታል ተብሎ ሰፈሩ ሁሉ ማስክ ሰፊ ሆኗል። እርስዎ ግን ቡሬ እኅትዎ ዘንድ ሊቀሩ ነው አሉ። ወሬ የእኔ ሥራ እንደሆነ ያውቃሉ።

ያቺን መጽሔታችንን መቼም አይረሷትም። በኮሮናው ቤት ስንዘጋ በደብተር ወረቀት የሠራናት፣ ደጀኔ በጆንያ ክር የሰፋት። ያለችው አንድ ቅጂ፣ ቫይረሱ ይሙት ብለን በፌስታል አድርገን ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ እያቆየናት፣ ከቤት ቤት ትዞር ነበር። ሁላችንም የየራሳችንን ገጽ እንሞላለን፤ የእኔ የሰፈር ወሬ፣ የልጅዎ የህሊና ደግሞ «ከመስኮቴ»።

ስሟን በብዙኃኑ «ኅ» ፈንታ በሃሌታው «ህ» ስትፈርም ደጀኔ፣ የመሪጌታ ልጅ ሆነሽ እንዲህ ትጽፊያለሽ፣ አባትሽ ቢያዩሽ ጉድሽ ነው ይላታል። እሷ እቴ! አባዬ የሚያርመው ቅኔ ነው፣ እኔ ምኑ ነኝ ብላ ትስቅበታለች።

ሰኔ ላይ በሦስት ቀን ትኩሳት ተለየችን። ክልከላ ነው ተብሎ አፈር እንኳ ሳናለብሳት ቀረን። መጽሔቷን ግን ወደ ቤትዎ መላክ አልተውንም። የህሊና ገጽም ተሞልቶ ይመለስ ጀመር። ያው መስኮት፣ ያው ጌሾ፣ ያው ዝናብ። ፊርማው ብቻ በብዙኃኑ «ኅ» ሆነ። ያን ጊዜ ማን እንደሚጽፍ ገባን፤ ማናችንም ትንፍሽ አላልንም። ይቅር ይበሉኝ፣ ዛሬ ተነፈስኩ።

እርስዎ ቡሬ በሄዱ በሳምንቱ ደጀኔ መሄድዎን ሳይሰማ የመጨረሻዋን እትም እንደ ልማዱ በበርዎ ሥር አሾልኳታል። ቤቱ ተቆልፏል፤ ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው። በሦስተኛው ቀን መጽሔቷን አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ዝናብ አልነበረም፤ ፌስታሉ ግን ርሷል። ገጿም ተሞልቷል። ደጀኔን አንተ ነህ ብዬ ባፋጥጠው በማርያም ብሎ ማለልኝ። ከዚያ ወዲህ በደጅዎ አያልፍም።

ገጹ እንዲህ ይላል፦ «ዛሬ መስኮታችንን ከውጭ አየሁት። አባዬ ዘግቶት ሄዷል። ጌሾው ሊሸፍነው ነው። አንኳኳሁ።»

ፊርማው በሃሌታው ነው።

ልልክልዎ ነበር፤ እንዳያርሙት ፈርቼ ተውኩት። እኔም በዚህ ደብዳቤ ስሟን እሷ እንደምትጽፈው ነው የጻፍኩት፤ አይቆጡኝ።

የኔታ፣ ይመለሱ። መመለሱ ቢከብድዎት ቁልፉን ብቻ ወደዚህ ለሚመጣ ሰው ይስጡልኝ፤ መስኮቷን እኔ እከፍታለሁ።

እግዚአብሔር ለእርስዎ ጤና፣ ለእሷ ማረፊያ ይስጥልን። ደጅ አያቆያት።

የልጅዎ ጓደኛ፣ ወሬኛዋ