በሦስት ወር የዘገየ ሠርግ

ይድረስ ለእህቴ ለኤርሚኒያ፣

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? የእናታችን ጉልበትስ ተሻለው? የላክሁት ቅባት ደረሳት? ባልሽን ፋውስቲኖንስ ሳሉ ለቀቀው? እኛ ደህና ነን፤ የበርበሬ ንግዱ ድካም ግን አጥንቴ ድረስ ዘልቋል። ይህን ደብዳቤ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

በዚህ ወር አዲስ ደንብ ወጥቷል። የዜጋ ሚስት የሆነችና ያለ ወረቀት አሥር ዓመት እዚህ የኖረች ሴት ከአገር ሳትወጣ የመኖሪያ ወረቀት መጠየቅ ትችላለች፤ የዜጋ የእንጀራ ልጅም እንዲሁ። ባሌ ሊዮባርዶ እዚሁ የተወለደ ስለሆነ፣ እኔም ልጄ ሲትላሊም ተገላገልን ብዬ ሁለቱንም ይዤ ጠበቃ ዘንድ ሄድሁ። እዚህ መኖራችንን እንዲመሰክሩልን የልጄን የክትባት ካርድ፣ የኪራይ ውሉን፣ የዕለት ማስታወሻ ደብተሮቼን ሳይቀር በካርቶን ተሸክሜ።

ጠበቃዋ የጋብቻ ወረቀታችንን አገላብጣ አየች። ከዚያ፣ የእንጀራ ልጅ የሚባለው ልጁ አሥራ ስምንት ሳይሞላው እናቱ ያገባች እንደሆነ ነው አለችን። ሲትላሊ አሥራ ስምንት የሞላት በኖቬምበር ነው፤ እኛ የተጋባነው በተከታዩ ፌብሩዋሪ። «ሦስት ወር እኮ ናት!» ብላት፣ «ሴኞራ፣ ይሄ የበርበሬ ገበያ አይደለም፤ ቅናሽ የለውም» አለችኝ። ልጄ ሳቀች። ሊዮባርዶ ቆቡን አውልቆ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

ቤት ገብቼ ልጄ አሥራ ስምንት የደፈነችበትን ዓመት ደብተሬን ገለጥሁ። «ኤፕሪል 23። ሠርጉ ተላለፈ። እማዬ የአባዬ ሐዘን ዓመት ሳይሞላው ዘፈን አይሰማም ብላለች። ስምንት ጆንያ በርበሬ ገባ» ይላል። ሌላ ነገር አልጻፍሁም።

ሦስት ቀን አሰብሁበት። የራሴን ማመልከቻ አስገባለሁ። ወረቀቱ ከወጣልኝ ለልጄ በራሴ ስም ማመልከት እችላለሁ፤ ወረፋው ግን ብዙ ዓመት ነው፤ እስከዚያም ማግባት የለባትም አሉ። ሊዮባርዶ ሁለታችሁም አብራችሁ ካልሆነ ይቅር ቢለኝ፣ ሁለት ሰው ከሚሰጋ አንድ ሰው ይስጋ ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ሲትላሊም «እማ፣ አንቺ ግቢና በሩን ያዢልኝ፤ ባል እንደሆነ እስካሁንም አልተሰለፈልኝ» አለች። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውኃውን ከፍታ ቆየች።

እናታችን ስለ ሲትላሊ ስትጠይቅሽ ወረፋ ላይ ናት በያት፤ ውሸት አይደለም። የሐዘኑን ዓመት ነገር ግን እንዳታነሺባት። ያኔ እሺ ያልሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ቢሆን እምቢ እላት ነበር፤ ይህንንም ላንቺ እንጂ ለማንም አልልም።

እናቴን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለፋውስቲኖ፣ ለመንታዎቹ፣ ለጎረቤታችን ለዶኛ ኦቲሊያም ሰላምታዬን አድርሺ። አባታችን መቃብር ስትሄጂ የእኔን ድርሻ አበባ አኑሪለት፤ አልተቀየምሁትም።

እህትሽ ኤዱቪሄስ
ፍሬስኖ፣ ኦገስት 24 ቀን 2024